ልብ የሚሞላው ሲያርፍ ነው

ምልልስ

የአረፋ ማግስት ነው፤ ቦታው ሐይቅ ከተማ። ተነጋጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አክስትየው ተወልደው ያደጉት አምባሰል ነው፤ በትዳር ወደ ሐይቅ ከወረዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የወንድማቸው ልጅ አዲስ አበባ የልብ ሕክምና የሚማር ሐኪም ነው፤ ለበዓሉ መጥቷል። በመካከላቸው ትሪ ላይ የበጉ ልብ፣ ቢላዋና አንድ ሳህን ውኃ አለ። የጨዋታው መነሻ የአክስትየው የልጅ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

አክስት፦ እንግዲህ እንግዳው ሁሉ ወጣ ብሏል፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ልጄ። ልጅቷ ትሮጣለች፣ ትጫወታለች፣ ከጓደኞቿ እኩል ትማራለች። ባለፈው ዓመት ጉልበቷንና ቁርጭምጭሚቷን እያፈራረቀ አሟት፣ ትኩሳትም ጥሏት ነበር። ደሴ ወስደናት ልቧን በመሣሪያ አይተው «ቫልቩ ትንሽ ተነክቷል» አሉን። ከዚያ ወዲህ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ነው። ደኅና ልጅ እየወጉ ማስለቀስ ምን ይባላል? አንጀቴ አልቻለም፤ ላስቆመው ነው።

ሐኪም፦ ከማስቆምዎ በፊት፣ እትዬ፣ ይህን ልብ አብረን እንክፈተው። የበግ ልብ አሠራሩ ከሰው ልብ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ አራት ክፍል አለው፣ አራት ቫልቭ አለው። መርፌው ምኑን እንደሚጠብቅ በዓይንዎ ካዩ በኋላ ፍርዱ የእርስዎ ነው።

አክስት፦ ልብ ልብ ነው፤ ይመታል፣ ደም ይረጫል። ይህን የማያውቅ አለ?

ሐኪም፦ መርጨቱን ሁሉም ያውቃል፤ የሚዘነጋው ሌላው ሥራው ነው። ልብ ለመርጨት መጀመሪያ መሙላት አለበት፤ የሚሞላው ደግሞ ሲያርፍ ነው። እንዲህ ተቀምጠን ስንጫወት ልባችን በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል እንበል። አንዱ ምት ከነዕረፍቱ አንድ ሴኮንድ አይሞላም። ከዚያች ጊዜ ውስጥ ልብ የሚኮማተረው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው፤ ሁለቱን እጅ ዘና ብሎ ደም ይቀበልበታል። ሰው «ልቤ መታ» ሲል የሚቆጥረው ያችን ሲሶ ነው። የልጅቷ ጉዳይ ግን ያለው በሁለቱ እጅ ላይ ነው።

አክስት፦ ይሁን፤ አሳየኝ።

ሐኪም፦ ሳንቆርጠው በፊት በጣትዎ ይጫኑት፤ መጀመሪያ በዚህ በኩል፣ ቀጥሎ በወዲያኛው።

አክስት፦ ይህ ጎኑ ይሰረጉዳል፤ ስስ ነው። ያኛው ግን ድንድን ያለ ነው። ስከትፈው ቢላዋ የሚያስቸግረኝ እሱ ነው።

ሐኪም፦ ስሱ ቀኙ ነው፤ ደንዳናው ግራው። ቀኙ ደም የሚልከው እዚሁ ጎኑ ወዳለው ሳንባ ስለሆነ ብዙ ጉልበት አያሻውም። ግራው ግን ሽቅብ እስከ አናት፣ ቁልቁል እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት። በግፊት መለኪያ ቢታይ ቀኙ የሚገፋው በ25 ገደማ፣ ግራው በ120 ነው።

አክስት፦ ጤና ጣቢያ ክንዴን አስረው «120 በ80» የሚሉኝ እሱን ነው?

ሐኪም፦ እሱን ነው። 120 የሚባለው ግራው ልብ ሲኮማተር ደም ቅዳው ላይ የሚያርፈው ግፊት ነው። 80 የሚባለው ደግሞ ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ደም ቅዳዎቹ በራሳቸው መለጠጥና መሸብሸብ ይዘው የሚያቆዩት ነው። ግፊትዎን በተለኩ ቁጥር ሥራውንም ዕረፍቱንም ነው የተለኩት። በሉ አሁን ቢላዋውን ከላይ ወደ ጫፉ ያስኪዱት።

አክስት፦ ቢስሚላህ። ይኸው ተከፈተ። ሁለት ቤት ነው፤ መካከሉ ላይ ግድግዳ አለው። ደሙ ከቀኙ ወደ ግራው የሚሻገረው በዚህ ግድግዳ ነው?

ሐኪም፦ የጥንቱ የግሪክ ሐኪም ጋሌንም እንዲያ ነበር ያለው። ግድግዳው ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አሉት፣ ደም በእነሱ ሾልኮ ያልፋል ብሎ ጻፈ፤ ሐኪሞችም ከሺህ ዓመት በላይ አመኑት። እስኪ በጣትዎ ይፈትሹት።

አክስት፦ ወላሂ አንድም ቀዳዳ የለው። ድፍን ሥጋ ነው።

ሐኪም፦ ይህንኑ ደፍሮ የጻፈ ሰው ኢብን አን-ነፊስ ይባላል፤ ደማስቆ አጠገብ ተወልዶ ካይሮ የሠራ ሐኪምና የሸሪዓ ሊቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1242 ግድግዳው ድፍን እንደሆነ፣ ደሙም ከቀኝ ወጥቶ በሳንባ አልፎ ወደ ግራ እንደሚመለስ አስረዳ። ዘመኑ እዚህ አጠገባችን አባ ኢየሱስ ሞዓ የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ያቀኑበት ዘመን ነው፤ ሁለቱ በዕድሜም እኩያ የሚባሉ ነበሩ። የካይሮው መጽሐፍ ግን ተረስቶ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1924 አንድ ግብፃዊ ሐኪም በርሊን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አግኝቶት ነው እንደገና የታወቀው።

አክስት፦ ሰባት መቶ ዓመት ሊሞላ! ታዲያ መንገዱ እንዴት ነው?

ሐኪም፦ ከመላው ገላ የተመለሰው ደም በቀኝ በኩል ወደ ላይኛው ክፍል ይገባል፤ ከዚያ ወደ ታችኛው ይወርዳል፤ የታችኛው ወደ ሳንባ ይገፋዋል። ሳንባ ውስጥ የተቃጠለውን አየር ጥሎ ኦክስጅን ይዞ በግራ በኩል ወደ ላይኛው ክፍል ይመለሳል፤ ወደ ታችኛው ወርዶ ይህ ደንዳናው ሥጋ በአኦርታ፣ ማለት በትልቁ ደም ቅዳ፣ ወደ ገላ ይልከዋል። ቀኙና ግራው የሚመቱት አብረው ነው፤ በአንድ ምት ሁለቱም እኩል ደም ይልካሉ።

አክስት፦ አንድ ነገር አልገባኝም። በየምቱ የሚረጭ ከሆነ ይህ ሁሉ ደም ከየት ይመጣል? የበላነው ሁሉ ደም ይሆናል?

ሐኪም፦ ያነሡት ጥያቄ የልብን ምስጢር የፈታው ጥያቄ ነው። ጋሌን ደም ከምግብ እየተሠራ በጉበት በኩል ወጥቶ በየአካሉ ያልቃል ይል ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ በሒሳብ ረታው። የዛሬውን ልክ ይዘን እኛም እናስላው። የአዋቂ ሰው ልብ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ያህል ይልካል፤ ከአንድ የቡና ስኒ ብዙም አይበልጥም። በደቂቃ 70 ጊዜ ሲመታ አምስት ሊትር ገደማ ሆነ። በሰዓት 300 ሊትር ይደርሳል፤ በቢጫው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ጀሪካን ማለት ነው።

አክስት፦ አሥራ አምስት ጀሪካን! በአንድ ሰዓት ይህን የሚበላና የሚጠጣ ማን አለ?

ሐኪም፦ ማንም የለም። በአዋቂ ሰው ገላ ውስጥ ያለው ደም ሁሉ ተጠራቅሞ አምስት ሊትር ያህል ነው። ስለዚህ ያው ደም ዞሮ ይመለሳል ማለት ነው። ሃርቪ ይህን አስረዳ። ተቀምጠን ባለንበት ደማችን በየደቂቃው አንድ ዙር ይጨርሳል። አምባሰልን ሽቅብ ሲወጡ ደግሞ አምስት ሊትሩ ወደ ሃያ ሊትር ሊደርስ ይችላል።

አክስት፦ ማነው የሚያዝዘው? አንጎል እንዳትለኝ። ትናንት በጉ ታርዶ፣ ልቡ ወጥቶ፣ ይኸው መዳፌ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነበር። ራሱ እኮ ተቆርጧል።

ሐኪም፦ ያዩት ትልቅ ማስረጃ ነው። ልብ ራሱን በራሱ ይቀሰቅሳል። በቀኙ የላይኛ ክፍል፣ ከላይ የሚመጣው ደም መልስ በሚገባበት አጠገብ፣ ትንሽ የተለየች ሥጋ አለች፤ አርተር ኪዝና ማርቲን ፍላክ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1907 ገለጿት። እሷ በየተራው የኤሌክትሪክ ምልክት ታመነጫለች። አንጎል ማፍጠን ወይም ማዘግየት ይችላል፤ ስንደነግጥ፣ ስንሮጥ፣ ስንተኛ እንደሚሆነው። መጀመሩ ግን የልብ የራሱ ነው።

አክስት፦ ምልክቱ ሲነሣስ?

ሐኪም፦ በመጀመሪያ ሁለቱን የላይኛ ክፍሎች ያኮማትራል። ወደ ታችኞቹ ለመውረድ አንድ ጠባብ ማለፊያ ብቻ አለው፤ ጃፓናዊው ሱናኦ ታዋራ እ.ኤ.አ. በ1906 ያገኘው ነው። እዚያ ሲደርስ ምልክቱ ይዘገያል፤ የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል።

አክስት፦ ምን ያዘገየዋል? መፍጠን አይሻልም?

ሐኪም፦ የታችኛው ክፍል እንዲሞላ ነው። አብዛኛው ደም ልብ ዘና ባለበት ጊዜ በራሱ ወርዷል፤ የላይኞቹ ሲኮማተሩ የቀረውን፣ አምስተኛውን እጅ ያህል፣ ይጨምሩበታል። ታችኛው ቸኩሎ ቢነሣ ጎደሎ ሆኖ ይጨመቅ ነበር። ዘግይቶ ካለፈ በኋላ ግን ምልክቱ በልዩ መስመሮች ወደ ጫፉ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሥጋው ከጫፉ በኩል ጀምሮ ወደ ላይ ይኮማተራል፤ መውጫዎቹ ያሉት ወደ ላይ ነውና።

አክስት፦ ሥጋው ራሱ እንዴት ነው የሚኮማተረው? ይህ እኮ ጡንቻ ነው፤ እንደ ጭን ሥጋ።

ሐኪም፦ ጡንቻ ነው። በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ ሁለት ዓይነት ቀጫጭን ክሮች አሉ። ኤሌክትሪኩ ሲደርስ ካልሲየም ይለቀቃል፤ በካልሲየሙ ምክንያት አንዱ ክር ሌላውን ይዞ ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ቅንጣቷ ታጥራለች። ካልሲየሙ ተመልሶ ሲሰበሰብ ክሮቹ ይለቃቀቃሉ። ሲድኒ ሪንገር የተባለ ሐኪም ለንደን ውስጥ የእንቁራሪት ልብ በጨው ውኃ ያቆይ ነበር። በቧንቧ ውኃ የተበጠበጠ ጨው ውስጥ የነበረው ልብ መምታቱን ቀጠለ፤ በተጣራ ውኃ የተበጠበጠው ውስጥ ያለው ግን ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1883 ምክንያቱን ጻፈ፤ በለንደን የቧንቧ ውኃ ውስጥ ካልሲየም ነበረ። ደግሞም ልብ ሲለቅ ጉልበት አይፈጅም እንዳይሉ፤ ካልሲየሙን መልሶ ለመሰብሰብም ኃይል ይከፍላል።

አክስት፦ ማረፉም ሥራ ነው በለኛ።

ሐኪም፦ ሥራ ነው። እስኪ በተቆረጠው በኩል ጅማቱ ወዴት እንደሚሄድ ይመልከቱ።

አክስት፦ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ዙሪያውን ይጠመዘዛል።

ሐኪም፦ እሱ ነው ዋናው። ከሐይቁ ዳር ነጠላ አጥበው ሲጨምቁ ሁለቱን ጫፍ በተቃራኒ ያዞሩታል፤ ልብም ሲኮማተር ሥሩ ወደ አንድ ወገን፣ ጫፉ ወደ ሌላ ወገን ይዞራል። ግራው ክፍል ሞልቶ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ በዚያ ጭመቃ 70 ያህሉ ይወጣል፣ ቀሪው ለሚቀጥለው ይቆያል። ከዚያ የተጠመዘዘው ይፈታል፤ ሲፈታም ከላይ ያለውን ደም ይስባል። ሌላም አለ። ኦቶ ፍራንክና ኧርነስት ስታርሊንግ የተባሉ ሊቃውንት እንዳሳዩት ልብ ይበልጥ በሞላ ቁጥር ይበልጥ ጠንክሮ ይጨምቃል፤ የመጣለትን ያህል ይልካል። የልብ ሥጋ የራሱን ደም የሚያገኘውም በአብዛኛው ሲያርፍ ነው፤ ግራው ሲኮማተር በውስጡ ያሉትን የራሱን ደም ቅዳዎች ጨምቆ ይዘጋቸዋልና።

አክስት፦ እንዲህ ከሆነ ዕረፍቱን የነሡት ልብ ይራባል።

ሐኪም፦ ይራባል፤ ይጎድላልም። አሁን ወደ ቫልቩ እንምጣ። በግራው በኩል፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው ክፍል ሁለት ጣትዎን ያስገቡ።

አክስት፦ ገባ። አልፎ ወጣ። እንደ ገለባ ስስ የሆነ ነገር ጣቴን ይነካኛል፤ ደግሞ ከሥሩ ነጫጭ ክሮች ይዘውታል። ክሮቹ ስስቡት አይበጠሱም።

ሐኪም፦ ማይትራል የሚባለው ቫልቭ እሱ ነው፤ በር ይበሉት። ሁለት መዝጊያ አለው። በጤነኛ ሰውም ሁለት ጣት ያሳልፋል። ልብ ሲያርፍ ይከፈትና ደም ይወርዳል። ልብ ሲኮማተር ደሙ ራሱ ከታች ገፍቶ ይዘጋዋል፤ እነዚያ ክሮች መዝጊያዎቹ ወደ ላይ እንዳይገለበጡ ይይዟቸዋል። በቀኙም ባለ ሦስት መዝጊያ አለ። መውጫዎቹ ላይ ደግሞ ሁለት አሉ፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ አንዱ ወደ አኦርታ፤ የወጣው ደም እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ጆሮዎን የልጅቷ ደረት ላይ ቢያደርጉ የሚሰሙት ሁለት ድምፅ የእነዚህ በሮች መዘጋት ነው። የመጀመሪያው መግቢያዎቹ፣ ሁለተኛው መውጫዎቹ ሲዘጉ ነው። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

አክስት፦ ይህ ስስ ነገር ይህን ሁሉ ይችላል? ሱብሐነላህ። ታዲያ የእኔዋ ላይ የተነካው የቱ ነው?

ሐኪም፦ በዚህ በሽታ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ይኸው ጣትዎ ያለበት ነው። በሽታው ሪውማቲክ የልብ በሽታ ይባላል። የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው።

አክስት፦ እሱን ነው ያልተቀበልሁት። ጉሮሮ የት፣ ልብ የት!

ሐኪም፦ ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ጀርም አለ፤ የልጆችን ጉሮሮ ያሳብጣል። ሰውነት ሊከላከለው ሠራዊት ያዘጋጃል። ችግሩ ከጀርሙ ገላ ከፊሉ ከቫልቭ ሥጋ ጋር መመሳሰሉ ነው። በአንዳንድ ልጆች ላይ ያ ሠራዊት ጀርሙን ጨርሶ ወደ ራሱ ወገን ይዞራል። የጉሮሮ ሕመሙ ከዳነ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይመጣል፤ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ ክርን ይዞራል። ባለፈው ዓመት ያያችሁት እሱን ነው። መገጣጠሚያው ምንም ሳይተው ይድናል። ቫልቩ ግን ጠባሳ ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች ነው።

አክስት፦ ጠባሳውማ ትንሽ ነው ብለውናል።

ሐኪም፦ አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ነው። ሌላ የጉሮሮ ሕመም በመጣ ቁጥር ግን ሠራዊቱ ይነሣል፤ ጠባሳ በጠባሳ ላይ ይደርባል። በዓመታት ውስጥ ያ እንደ ገለባ ስስ የነበረው መዝጊያ ይወፍራል፤ ጠርዙ ይጣበቃል፤ ክሮቹ ያጥራሉ። ሁለት ጣት ያሳልፍ የነበረው በር የአንድ ጣት ጫፍ የማያሳልፍ ይሆናል። ወይም አልገጥም ብሎ ደም ወደ ኋላ ያፈስሳል።

አክስት፦ ቆይ፤ ግራው ልብ ደንዳና ነው ብለኸኛል። በሩ ቢጠብም በጉልበቱ አይስበውም?

ሐኪም፦ ጉልበቱ ያለው ከበሩ ወዲህ ነው፤ የሞላለትን መላክ ይችላል፣ ያልሞላለትን ከየት ያመጣል? ከበሩ ወዲያ ያለው የላይኛው ክፍል ደግሞ ስስ ነው። ደሙ እዚያ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ሳንባ ይተኛል። ሰውየው ዳገት ሲወጣ ልቡ ይፈጥናል፤ ልብ ሲፈጥን ደግሞ ይበልጥ የሚያጥረው የመኮማተሪያው ሰዓት ሳይሆን የዕረፍቱ ሰዓት ነው። በሩ ጠባብ፣ ጊዜውም አጭር ሲሆን ልብ ሳይሞላ ይመታል። ትንፋሽ ይቆራረጣል። ሌሊት ሲተኛ ያፍነዋል፤ ትራስ ደርቦ መቀመጥ ይጀምራል።

አክስት፦ ትራስ ደርቦ አልህ?

ሐኪም፦ አዎ። ምነው?

አክስት፦ አምባሰል የነበረችው የእህቴ ልጅ እንዲያ ነበረች። ውኃ ቀድታ ሽቅብ ስትወጣ ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር፤ ሰነፍ እንላት ነበር። ስትፀንስ ባሰባት፤ ሌሊቱን ተቀምጣ ታነጋዋለች። ዓይን ነው አልን፤ አስቀራንላት፣ አሳጠብናት። በስምንት ወሯ አጣናት።

ሐኪም፦ አላህ ይማራት። ሳላያት ይህ ነበር ማለት አልችልም። ነገር ግን የማይትራል ቫልቫቸው የጠበበ ሴቶች ብዙ ጊዜ የሚታወቅባቸው በእርግዝና ነው። ስትፀንስ በገላዋ ያለው ደም እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ልቧም ይፈጥናል። ብዙ ደም በጠባብ በር፣ በአጭር ጊዜ ማለፍ አለበት። እስከዚያ ቀን ደኅና ትመስል የነበረች ሴት በዚያ ወቅት ትወድቃለች።

አክስት፦ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ቶሎ ቶሎ ያማት ነበር። እንጥሏንም አስቆርጠናት ነበር። አሁንም ጎረቤት «የልጅቷን እንጥል አስቆርጪና ተገላገይ» ትለኛለች።

ሐኪም፦ እንጥል መቁረጥ ጀርሙን አያወጣውም፣ ልብንም አይጠብቅም። ደም ማፍሰስ አለ፤ በምላጩ የሚተላለፍ ሌላ በሽታ አለ። ጀርሙን የሚገድለው ፔኒሲሊን ነው። ይህ ጀርም እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ሕፃን ጉሮሮውን አሞት በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሕክምናውን ከጀመረ ሠራዊቱ ወደ ልብ እንዳይዞር ማድረግ ይቻላል። የሚዋጥ ከታዘዘለት ደግሞ ሕመሙ ቢተወውም አሥሩን ቀን መጨረስ አለበት።

አክስት፦ ይህስ ላልተነካው ልጅ ነው። የእኔዋ መርፌ በየአራት ሳምንቱ የሆነው ለምንድን ነው?

ሐኪም፦ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይባላል። ከተወጋችበት ሥጋ ውስጥ ቀስ እያለ እየቀለጠ ሦስት አራት ሳምንት በደሟ ይቆያል። መርፌው ያለውን ጠባሳ አይፍቀውም፤ ሥራው ጀርሙ ዳግመኛ ጉሮሮዋ ላይ እንዳይሰፍር መጠበቅ ነው። ዛሬ ደኅና የሆነችው እየተወጋች ስለሆነ ነው፤ ደኅና ናት ብለው ሲያቆሙ ያ ጥበቃ ይነሣል። አንድ ወር ቢዘለል በዚያ ወር ጉሮሮዋን ሊያማት ይችላል፤ አንድ ሕመም አንድ ጠባሳ ሊጨምር ይችላል።

አክስት፦ እስከ መቼ?

ሐኪም፦ ልቧ የተነካ ልጅ ቢያንስ አሥር ዓመት፣ ወይም 21 ዓመት እስኪሞላት ትወጋለች፤ ከሁለቱ የሚረዝመው ነው የሚያዘው። ጉዳቱ ካልለቀቀ ከዚያም ያልፋል። የሚያቆመው ሐኪም አይቶ ነው።

አክስት፦ ረጅም ነው፣ ልጄ። ቫልቩ ቢበላሽ ደግሞ መቀየር አለ ይባላል። እናንተ አዲስ አበባ ትሠሩት የለም ወይ?

ሐኪም፦ ይሠራል። የጠበበውን በጭን በኩል በደም ሥር ፊኛ አስገብቶ ማስፋት ይቻላል፤ የማይጠገነውን መቀየር ይቻላል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ድርጅት ብርታት ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀመረ። ከዚያ በፊት ልጆች ባሕር ማዶ ካልተላኩ በቀር ተስፋ አልነበራቸውም። ብዙ ነፍስ አትርፏል። ወረፋ የሚጠብቁት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በብረት ቫልቭ የተቀየረላት ልጅ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ደም የሚያቀጥን ኪኒን ትውጣለች፣ በየጊዜው ደሟን ትመረመራለች፤ ስታገባና ስትፀንስ ሌላ ጭንቅ አለ። አላህ የሠራውን በር የሚተካከል እስከ ዛሬ ሰው አልሠራም። ያለንን መጠበቅ ይሻለናል።

አክስት፦ ሌላው ዓለም ይህ በሽታ የለበትም?

ሐኪም፦ ነበረበት። አውሮፓና አሜሪካ ልጆች በዚሁ ያልቁ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ ተጨናንቆ መተኛት ሲቀንስና ፔኒሲሊን እንደ ልብ ሲገኝ ጠፋ ለማለት ይቻላል። ዛሬ በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይዘውት ይኖራሉ፤ በአመዛኙ እንደ እኛ ባለ አገር። የዓለም ጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 አገሮች ሁሉ ትኩረት እንዲሰጡት ወስኗል። የመከላከያ ክትባት ገና የለውም። ያለን ፔኒሲሊን ነው፤ እሱ ደግሞ ርካሽ ነው።

አክስት፦ ሕመሙንስ? ከመርፌው ቀን በፊት ጀምራ ትፈራለች።

ሐኪም፦ በልታና ውኃ ጠጥታ ትሂድ፤ ቁጭ ብላ ወይም ቆማ ሳይሆን ተኝታ ትወጋ። መድኃኒቱ ቀዝቃዛ ሳይሆን፣ በመዳፍ ሞቅ ተደርጎ፣ ቀስ ተብሎ ሲወጋ ሕመሙ ይቀንሳል፤ ባለሙያዋን ይህን አድርጊልን ብለው ይጠይቋት። ፔኒሲሊን ሰውነቷን አሳክኮት ወይም አሳብጧት የሚያውቅ ከሆነ ሳይደብቁ ይናገሩ። ከሁሉ በላይ ግን ለምን እንደምትወጋ ይንገሯት። ይህን ልብ ከፍተው ያሳዩአት፤ ጣቷን ታስገባ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይገባታል።

አክስት፦ ይገባታል። እኔ ያልገባኝ ማንም ስላላሳየኝ ነው እንጂ። በሩ ቀጭን ነው፤ ልብ የሚሞላው ሲያርፍ፣ በዚያ በር ነው። መርፌው በሩን ይጠብቃል። በቃ፣ አይቋረጥም። ለእድሩም ለጀማዓውም እኔው እነግራለሁ። ምን ብዬ ልንገር?

ሐኪም፦ ሁለት ነገር ብቻ ይበሉ። ጉሮሮውን አሞት ትኩሳት የያዘው ልጅ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ሳይሆን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ዛሬ ነገ ሳይባል፣ በዚያው ሳምንት። መርፌ የተጀመረለት ልጅ ደግሞ ደኅና ቢመስልም ቀኑ አይለፈው።